የብርጓል የመረገችው ግድግዳ

የወይራ ማርያም የሰሞነኞች ቤት መስኮት የለውም። የሠሩት አባቶች ረስተውት እንዳይመስላችሁ። ሰሞነኛ ማለት የቅዳሴ ተራ የደረሰው ካህን ነው፤ ሳምንቱ እስኪያልቅ ከሚስቱና ከልጆቹ ተለይቶ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ያድራል። መስኮት ቢተውለት ኖሮ በመንገዱ ማን እንዳለፈ፣ የማን በሬ የማን ማሳ እንደገባ ሲያይ ይውል ነበር። አባቶቻችን እኛን ካህናቱን በደንብ ያውቁን ነበርና አንድ በር ብቻ ሰጡን፤ በሩም ከቤተ መቅደሱ ሌላ የሚያሳየው ነገር የለም። ዝቅ ያለ ስለሆነ ሳያጎነብሱ አይገቡበትም። እኔ ቄስ ውበቱ ቁመቴ ረዘም ያለ ነው፤ ከቀሰስሁ ጀምሮ መቃኑ ግንባሬን ስንት ጊዜ እንደመታው ማርያም ትወቀው።

ቤቱን ግን እወደዋለሁ። ከሉማሜ በኩል ወንዙን ተሻግሮ ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚታየው የቤቱ ጉልላት ነው። ክብ ነው። እስከ ጉልበት ድረስ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ የተፈለጠ ጽድ ጎን ለጎን ተተክሎ በማገር ታስሯል፤ ማገሩን የያዘው የበሬ ቆዳ ጠፍር ነው እንጂ አንድ ምስማር አልገባበትም። ምሰሶው አንድ ወጥ ጽድ ነው፤ ሰው ቢያቅፈው ጣቶቹ አይገናኙም፤ ከስንት ዘመን ጭስ የተነሣ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ታዛው ከመስፋቱ የተነሣ በሐምሌ ዶፍ ቤቱን ዙሪያውን ብትዞሩት ትከሻችሁ አይረጥብም። ውስጡን መደብ ግድግዳውን ተከትሎ ይዞራል። እያንዳንዳችን በመደቡ ላይ የየራሳችን ቦታ አለን፤ ቦታው ለሌላ የሚተላለፈው ባለቤቱ ሲያረጅ ወይም ሲያርፍ ነው። አንድ ጊዜ ሣሩን አንሥተን ቆርቆሮ እንምታበት ተብሎ ነበር። የደብሩ ቄሰ ገበዝ፣ "ቆርቆሮ ዝናብ ሲጥልበት እግዚአብሔርን እንኳ አያሰማም" ብለው ነገሩን በአንድ ቃል ዘጉት። ደብረ ማርቆስ ፎቅ ቤት ውስጥ አድሬ አውቃለሁ፤ እንደዚህ ቤት ያለ እንቅልፍ የሰጠኝ ግን የለም።

ነገር ግን እንጨት ብቻውን ቤት አይሆንም። ግድግዳውን ግድግዳ ያደረገው ጭቃ ነው፤ የእኛ ቤት ጭቃ ደግሞ የአንዲት ሴት እጅ ነው። የብርጓል ትባላለች፤ የሰሞን ጓደኛዬ የቄስ አንሙት ሚስት ናት።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። የቤቱን ውስጥ ዲያቆናቱ ይመርጋሉ፤ ውጩን ሴቶቹ። ዲያቆናቱ የሚመርጉት እንደነገሩ ነው፤ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ትተው "ጨረስን" ይላሉ። ሴት ግን ደፉን አትረግጥም። ሰሞነኛ ቢኖርም ባይኖርም፣ ወጣትም ትሁን አሮጊት፣ አትገባም። ስለዚህ የብርጓል ያን ቤት ከሙሽርነቷ ጀምራ በየዓመቱ ስትመርግ ኖረች እንጂ ውስጡን አንድ ቀን አላየችውም። ምሰሶውን እንኳ የምታውቀው በወሬ ነው።

የተወለደችው በይጁቤ በኩል ነው። ዲያቆን ካላገባ ወይም ካልመነኮሰ አይቀስም፤ ከቀሰሰ ወዲያ ደግሞ ሚስቱ ብትሞትበት እንኳ ሌላ አያገባም። በዚህ ምክንያት እኔ ሳማርጥ ከርሜ ሽማግሌዎቹን አሰልችቻቸዋለሁ። አንሙት ግን ይጁቤ ገበያ ወርዶ ሲመለስ የአባቷን ጎተራ የምትመርግ ልጅ አየና በቃው።

"ምኗን ወደድኸው?" አልሁት።

"የጎተራውን ከንፈር በአውራ ጣቷ ስታለሰልስ አየኋት" አለኝ።

ሳቅሁበት። የጎተራ ከንፈር አይቶ የሚያገባ ሰው ከእሱ በቀር አላየሁም። በተክሊል ተጋቡ፤ አብረው ቆረቡ። ከዚያ በኋላ እኔ ከባለቤቴ ጋር በተኳረፍሁ ቁጥር የእነሱን ቤት እያየሁ እቀና ነበር፤ ይህን መደበቅ አይቻልም።

የቤተ ክርስቲያኑን ምርጊት ያስተማሯት አማቷ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ናቸው። ጥቁር አፈር ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቀይ አፈር ብቻውን ዝናብ ሲነካው ይታጠባል። ሁለቱ ተቀላቅለው የጤፍ ጭድ ይነሰነስባቸዋል፤ ጉድጓድ ውስጥ ተረግጠው፣ ተሸፍነው፣ እንደ ሊጥ እስኪቦኩ ይሰነብታሉ። የቦካ ጭቃ ሽታው ሰው ያሳድዳል፤ ግድግዳ ላይ ግን እንደ ቆዳ ይለጠፋል። መጨረሻ ላይ በእበትና በአመድ ይለቀለቃል። ሥራው የሚጀመረው ክረምቱ ወጥቶ ፀሐዩ ሲበረታ ነው። ሴቶቹ ሁሉ በነቂስ ይወጣሉ፤ የሥራው አለቃ ግን፣ ማንም ሳይሾማት፣ የብርጓል ነበረች።

አለቅነቷም ቀላል አልነበረም። ጉድጓዱ ውስጥ እጇን ከትታ፣ በጣቶቿ መሃል አሽታ፣ "አልበሰለም" ካለች አልበሰለም ነው፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሴቶቹ ያጉረመርማሉ።

"ኧረ የብሬ፣ ጭቃ ነው እኮ! መሶብ ላይ አይቀርብ!"

"እናንተ የመረጋችሁት ግድግዳ ዶሮ ሲያስነጥስ ይወርዳል" ትላቸዋለች።

ምላሷ እንዲህ ነበር። እጇ ደግሞ ከምላሷ ይብሳል፤ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ አንድ ጊዜ ስትስበው ጭቃው ያለ አንዳች ጠባሳ ይተኛል። ቆሜ ሳያት ብዙ ጊዜ የመጣሁበትን ጉዳይ እረሳ ነበር። ድርሳን እንደሚጽፍ ሰው ዝም ብላ ነው የምትሠራው፤ ያን ጊዜ እሷን ማናገር ነውር ይመስለኛል።

ከበሩ በስተቀኝ ካለው ስፍራ ስትደርስ ግን ጭቃው ወፈር ይላል። ከግድግዳው በስተጀርባ የአንሙት መደብ ነበር። አንሙት ብርድ አይችልም፤ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። እሷም የሚተኛበትን ቦታ አንድ ጊዜ ጠይቃው ኖሮ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እዚያች ላይ እፍኝ እፍኝ ትጨምራለች። ሳምንቱን ሙሉ ልታየው አትችልም፤ ስንቁን እንኳ ታዛው ሥር ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ነው የምትመለሰው። ታዲያ ከብርዱ ልትጋርደው የምትችለው በዚያ ብቻ ነበር። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ግድግዳው ሆዱ ገፋ አለ።

"ኧረ የብሬ፣ ግድግዳው አረገዘ!" ይሏታል ሴቶቹ። ትስቃለች እንጂ አትቀንስም።

በ1998 ዓ.ም. የፍልሰታ ጾም የገባው ሰማዩ ተቀዶ ነበር። በፍልሰታ ቅዳሴው በየቀኑ ነውና ካህናቱ ሁላችንም ጾሙን ሙሉ እዚያው ቤት እናድራለን። ምእመናኑም በየወይራው ሥር የሣር ጎጆ ቀልሰው ሱባዔ ይገባሉ። ቅጽሩ ትንሽ ከተማ ይሆናል።

አንድ ጧት አንሙት መቋሚያውን ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ቀኝ ጎኑ ከዳው፤ ምላሱ ተሳሰረ። አንሥተን መደቡ ላይ አስተኛነው። ደግነቱ ዘመነ የሚባል የጤና ባለሙያ ለሱባዔ መጥቶ ነበር። መረመረውና አንገቱን ነቀነቀ።

"ግፊት ነው፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል መድረስ ነበረበት።"

"ወንዙስ?" አልሁት። ወንዙ ሞልቶ ድምፁ እስከ ቅጽሩ ይሰማ ነበር።

"ውኃው እስኪጎድል አይሆንም። በቃሬዛ ብታናውጡት ይብስበታል። ከዚህ መደብ አታንቀሳቅሱት፤ ሙቀት ይኑረው። ከዚያ በኋላ እግዚአብሔር ያውቃል።"

የብርጓል ወሬው ደርሷት እየሮጠች መጣች። ነጠላዋ በጭቃ ተጎትቷል። ደፉ ጋ ስትደርስ ልክ ገደል አፋፍ እንደደረሰ ሰው ቆመች። ቄሰ ገበዝ ኃይለ ሚካኤል በሩ ላይ ነበሩ። የደብሩን ሥርዓት የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፤ ደረቅ ናቸው።

"አባ፣ ልየው" አለች።

"ልጄ፣ እኔ በክፋት አልከለክልሽም። ይህን ደፍ ሴት ረግጣው አታውቅም። ከዚህ ቤት ወጥተን ነው ታቦት ፊት የምንቆመው።"

"ቅዳሴ ስትገቡ ብቻውን ነው እኮ። ብቻውን ይሙት?"

"አንድ ሰው እንተውለታለን።"

"እኔ እያለሁ ሌላ ሰው?"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ቄሰ ገበዙ ግን ሞኝ አልነበሩም። እኔ ጣልቃ ገባሁ፤ እኛ ወደ ደጀ ሰላሙ እንውጣና ቤቱ ለእሷ ይለቀቅ አልሁ። ደጀ ሰላሙ በሱባዔ ሰው ተጨናንቋል፣ ደግሞም ለዛሬ ተብሎ የተከፈተ በር ነገ አይዘጋም አሉኝ። "እንኪያስ አንሙትን ራሱን ልጠይቀው" ብዬ ገባሁ።

ጆሮው ሥር ሆኜ ጠየቅሁት። "ውጭ ናት። ትግባ?" ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። ደኅናውን ግራ እጁን ቀስ አድርጎ አንሥቶ ወደ ጎን አወዛወዘው፤ አይሆንም ማለቱ ነው። እንባው ግን በጉንጩ ይወርድ ነበር። ካህን ሆኖ የኖረበትን ሥርዓት ሊሞት ሲል ሊያፈርሰው አልፈለገም። ተናደድሁበትም፣ አከበርሁትም።

ወጥቼ ነገርኋት። አልተከራከረችም።

"እሱ ካለ ይሁን" ብላ ሄደች።

እኔ ወደ ቤቷ የሄደች መስሎኝ ነበር። ብዙም ሳትቆይ እንጨትና ሣር ተሸክማ ተመለሰች። ከበሩ በስተቀኝ፣ እዚያ ሆዱ የገፋው ግድግዳ ሥር፣ ታዛውን ተጠግታ ጎጆ ትቀልስ ጀመር። ቄሰ ገበዙ መጥተው ቆሙባት።

"ይህ ምንድነው የብርጓል?"

"ሱባዔ ገባሁ አባ።"

"ሌላ ቦታ ጠፋ?"

"እመቤታችን የትም ብትጠሯት ትሰማለች ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። እዚህም ትሰማለች።"

ሱባዔ የገባን ሰው ከቅጽር ማስወጣት በእኛ አገር ተሰምቶ አያውቅም። ቄሰ ገበዙ ዞረው ሄዱ። እኔም ሳቄን ለመደበቅ ወደ ቤተልሔሙ ዞርሁ። በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ እንዴት እንደሳቅሁ እንጃ።

በማግሥቱ ከቅዳሴ ወጥተን ወደ ቤቱ ስንገባ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አጠገቡ እንዲቆይ የተውነው ሽማግሌ መደቡ ጫፍ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ከግድግዳው ውስጥ ደግሞ እስከ ክርኗ ድረስ ጭቃ የለበሰች አንዲት እጅ ወጥታ የአንሙትን ግራ እጅ ይዛለች። አንሙት ዓይኑን ጨፍኗል፤ ፊቱ ከወደቀ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስልሶ ነበር። ቆሜ ቀረሁ። እንባዬ መጣ፤ አልከለከልሁትም።

ወጥቼ ያደረገችውን አየሁ። ከታዛው የሚንጠባጠበውን ውኃ በቅል እያቆረች ግድግዳውን አርሳዋለች። ከዚያ በማጭድ ጫፍና በጣቶቿ ቆፍራዋለች። በተቆረሰው ስፍራ የየዓመቱ ምርጊት ተደራርቦ ይታያል፤ ቀዩ፣ ግራጫው፣ ጭድ የበዛበት፣ ጭድ ያነሰበት። የትኛው በየትኛው ዘመን እንደተመረገ እሷ ታውቀዋለች። አንሙትን ብርድ እንዳያገኘው ብላ ያወፈረችው ያው ጭቃ ነው አሁን ያደከማት፤ ጥፍሮቿ ደምተው ነበር። ከዚያ ጽዱን አገኘች። አባቶች አጠጋግተው ስለተከሉት እጅ የሚያሳልፍ ቦታ ያገኘችው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ከጽዱ ወዲያ ያለውን የዲያቆናቱን ምርጊት በጣቷ ስትነካው ተንዶ ወደቀላት። ስንፍናቸውን ያመሰገንሁት በዚያ ቀን ብቻ ነው።

ቄሰ ገበዙ ሲያዩት ፊታቸው ደም መሰለ።

"ስንት ዘመን የቆመ ቤት! አፈረሽው?"

እጇን ሳታወጣ ቀና ብላ አየቻቸው። "ደፉን አልረገጥሁም አባ። ያፈረስሁትም የራሴን ምርጊት ነው።"

ዝናቡ እንደገና ጀመረ፤ ነፋስ ታዛው ሥር እየነዳው በጎጆዋ ሣር መሃል እየሰረገ ጀርባዋ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ቄሰ ገበዙ ሄዱ። ሲመለሱ ዝናብ የሚከላከሉበትን የራሳቸውን ገሣ ይዘው ነበር፤ ጎጆዋ ላይ ከደኑላት። ከዚያ በኋላ እሳቸው ራሳቸው በዝናብ ልብሰ ተክህኗቸውን በነጠላ ሸፍነው ይሮጡ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የብርጓል እዚያው ተቀመጠች። ካህናቱና ሕዝቡ ከቀትር ጀምሮ ቅዳሴ ሲገቡ፣ እንዲጠብቀው የተውነው ሽማግሌም እንደልማዱ ሲያንቀላፋ፣ አንሙት ብቻውን አልነበረም። ጧት ጧት ደግሞ በቀዳዳው ታወራዋለች። ላሚቱ መውለዷን፣ የጤፉ አረም እጅ ማጠሩን፣ ሴት ልጃቸው ዜማ ከደብረ ማርቆስ መልእክት መላኳን፣ ልትመጣ ብትል ወንዙ እንዳላሳለፋት። ሰው ፊት ሁልጊዜ "ቄሱ" እያለች ነበር የምትጠራው። በዚያ ቀዳዳ ግን "አንሙቴ" ስትለው ሰማን። እኔ ጋቢዬን ራሴ ላይ ጠቅልዬ ያልሰማሁ መሰልሁ። እሱ ምላሱ ባይፈታም በእጁ ይመልስላት ነበር፤ ጨበጥ ያደርጋታል፣ ለቀቅ ያደርጋታል።

ጾሙ ሊፈታ ሲል ዝናቡ ጋብ አለ። ጎረምሶቹ ወንዙን አይተው መጡና ነገ ጧት ይሻገራል አሉ። ቃሬዛው ተሠራ። ዘመነም የአንሙትን እጅ ይዞ ሲያበቃ "ይደርሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ" አለ። የብርጓል ይህን ስትሰማ ከወደቀ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀመሰች። "ደብረ ማርቆስ ስንደርስ እንደ ልቤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። እዚያ ደፍ የለ" አለችኝ።

የዚያን ቀን ቅዳሴውን የምመራው ሠራዒ ካህን እኔ ነበርሁ። በደስታ ነው የቀደስሁት። ሕዝቡም ስለአንሙት ሲማልድ ድምፁ ቤተ ክርስቲያኑን ይሞላ ነበር። "እትዉ በሰላም" ተብሎ ሕዝቡ ሲሰናበት ልብሰ ተክህኖዬን አውልቄ ከሁሉም ቀድሜ ወጣሁ።

የብርጓል ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ተቀምጣለች። ቀና አላለችም።

"አባ፣ ቅዳሴው ተፈጸመ?"

"ተፈጸመ፣ ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን። ነገ በማለዳ እንሻገራለን።"

"አርፏል" አለችኝ። "ወንጌሉ ሲነበብ ነው ያረፈው። አንድ ጊዜ ጠበቅ አደረገኝ፤ ከዚያ እጁ ቀዘቀዘ።"

ቄሰ ገበዙ ከኋላዬ ደርሰው ነበር። እኔ አጠገቧ ተንበረከክሁ።

"ወንጌሉ ሲነበብ? ይህን ሁሉ ሰዓት? ምነው ሳትጠሪን የብሬ! ምነው ሳትጮኺ!" አልኋት።

"ጮኼ ቅዳሴ ላስታጉል? እሱ ይወድልኝ ነበር?" አለች። እንባ በዓይኗ አልነበረም፤ ከንፈሯ ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። "አሁን ገብታችሁ እጄን አስለቅቁልኝ። እንደያዘኝ ነው። ላልቅስ።"

ቄሰ ገበዙና እኔ አጎንብሰን ገባን። እሳቸው መደቡ ሥር ተንበርክከው የአንሙትን ጣቶች አንድ በአንድ ከጣቶቿ ላይ አላቀቁ፤ "ይቅር በለኝ" እያሉ፤ ለእሱ ይሁን ለእሷ አላውቅም። የጭቃዋ እጅ በጽዱ መሃል ወደ ኋላ ተሳበች። ያን ጊዜ የብርጓል ጮኸች፤ የሱባዔው ሰውም ከየጎጆው እየወጣ ወደ ታዛው መጣ።